ስለ አይማውዝ ከተማና ስለ ዓሣው አሥራት



በስኮትላንድ አገር በምሥራቅ በኩል በባሕር ዳር አይማውዝ የምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ከእንግሊዝ ወሰን የምትርቀው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አይ የሚባለው ትንሽ ወንዝ ወደ ሰሜን ባሕር የሚገባው በዚያ ስለ ሆነ ስሟ የአይ ወንዝ አፍ ማለት ነው። ነዋሪዎቿም ከአራት ሺህ አይበልጡም። በዚህ ንግግር የሚጠራው ዘመን፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ወደዚህች ከተማ የሚሄድ እንግዳ ከኤዲንበርግ በባቡር ተሳፍሮ ሬስተን በምትባል ጣቢያ ይወርዳል። ይህች ጣቢያ ብዙ ዘመን ተዘግታ ኖራ በ2022 በግንቦት ወር ተከፈተች። የቀረውን መንገድ በአውቶቡስ ይጨርሰዋል። ቀድሞ ግን እስከ ከተማይቱ የሚደርስ ሐዲድ ነበረ፤ በ1891 ተከፍቶ በ1962 ተዘጋ።

እንግዳው ከአውቶቡስ እንደ ወረደ አስቀድሞ የሚቀበለው የጨውና የዓሣ ሽታ፥ ቀጥሎም የባሕር ወፎች ጩኸት ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ፥ መንገዶቹም ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው። በበጋ ወራት ከትልልቅ ከተሞች የሚመጡ ሰዎች ልጆቻቸውን በአሸዋው ላይ ያጫውታሉ፤ የተጠበሰ ዓሣም ከድንች ጋራ በወረቀት አስጠቅልለው በወደቡ ዳር ተቀምጠው ይበላሉ። በወደቡ ውኃ ውስጥ አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ ራሱን ብቅ እያደረገ ፍርፋሪ ይለምናል፤ ይህም በኦሪት ዘጸአት ስለ ድንኳኑ መሸፈኛ ቁርበቱ የተነሣው፥ ካህናት በስሙ ብቻ የሚያውቁት እንስሳ ነው። አንድ ቀን ውሎ ለሚመለስ ሰው ይህ ሁሉ ይበቃዋል። የከተማይቱን ነገር መመርመር የሚወድ ግን ሁለት ቤቶችን ማየት አለበት፤ እነዚህም ከወደቡ ማዶ ያለው የነጋዴ ቤትና በገበያው አደባባይ ያለው አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

የነጋዴው ቤት ጉንስግሪን ይባላል። ጆን ኒስቤት የሚባል ነጋዴ በ1753 አሠራው። በዚያ ዘመን በሻይ ላይ የሚጣለው ቀረጥ እጅግ ከባድ ነበርና ይህ ሰው ሻይ ከባሕር ማዶ በስውር እያስመጣ ቀረጥ ሳይከፍል ይሸጥ ነበር። ሻዩን ለመደበቅ በግድግዳው ውስጥ ያሠራው ስውር መሸሸጊያ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ይታያል። መንግሥት ዘበኛ በባሕርና በየብስ ቢያቆምም ነገሩን ሊያስቀር አልቻለም። በ1784 ግን ቀረጡን ከመቶ 119 ወደ 12 ተኩል ባወረደው ጊዜ ከስውሩ ንግድ የሚገኘው ትርፍ ጠፋ፤ ዘበኛ ያላስቆመውን ነገር የቀረጡ መቅለል አስቆመው። በዚያው ወደብ ሌላ ግብር ትቀበል የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ግን ግብሯን ከዚህ በኋላ ሰማንያ ዓመት ያህል አልተወችም።

ያም ግብር የዓሣ አሥራት ነበረ። ገበሬ ከእህሉ ከአሥር አንድ እንዲሰጥ፥ ዓሣ አጥማጁም ከያዘው ዓሣ ከአሥር አንዱን ወይም ዋጋውን ለደብሩ ቄስ መተዳደሪያ ይሰጥ ዘንድ የጥንት ሕግ ያዝዝ ነበር። በስኮትላንድ በብዙ ወደቦች ይህ ልማድ ጠፍቶ ሳለ በአይማውዝ ግን ጸንቶ ቈየ። ዓሣ አጥማጆቹም ያጕረመርሙ ጀመር። ታንኳውንና መረቡን በብድር የገዛ፥ ነፍሱን ለማዕበል አሳልፎ የሚሰጥ ሰው፥ ዕዳው ሳይነሣለት ከጠቅላላው ዓሣ ከአሥር አንድ መክፈሉ ይከብደው ነበር። ደግሞም በ1843 ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ሲሶ የሚያህሉት ተለይተው ነፃ ቤተ ክርስቲያን የምትባለውን ስላቋቋሙ፥ ከሕዝቡም ብዙዎች ወደዚያችና ወደ ሌሎች ማኅበሮች ስለ ሄዱ፥ ስብከቱን ለማይሰሙት ቄስ መክፈል ሆነባቸው።

በስኮትላንድ ምሥራቅ ዳርቻ ባሉ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ በታንኳ ላይ ሳሉ «ቄስ» የሚለውን ስም መጥራት እንደ ክፉ ምልክት ይቈጠር ነበር። ነገሩ ከአሥራት የመጣ አይደለም፤ የአሳማንም ስም እንዲሁ ይፈሩ ነበርና። ነገር ግን በአይማውዝ የነበረው ሰው ስሙን ላለመጥራት ሌላ ምክንያት ደግሞ ነበረው።

በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ዊልያም ስፒርስ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ተነሥቶ ሕዝቡ አሥራቱን እንዳይከፍል መራ። ሰዎችም ዓሣ እያደነ በሚኖር ወፍ ስም ይጠሩት ነበር፤ የወፉም ስም በቋንቋቸው «ንጉሥ» የሚል ቃል አለበት። ሕጉ ከቄሱ ወገን ስለ ነበረ ክርክሩ መረረ፤ ሁከትም ተነሣ። በዚህ ነገር ቄሱን ብቻ መውቀስ አይገባም። መተዳደሪያው በሕግ የተወሰነለት ሰው ነበረ፤ የጠየቀውም ከእርሱ በፊት የነበሩት የተቀበሉትን ነው። ነገር ግን በሕግ የሚገባውን ሁሉ እስከ መጨረሻው መጠየቁ ለመንጋው እንደማይበጅ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ መልካም ነበር። በመጨረሻ በ1864 ከተማይቱ አሥራቱን በገንዘብ ዋጅታ ለዘላለም እንዲቀር አደረገች። ለዚህ የተከፈለው ገንዘብ ዓሣ አጥማጆቹ ለብዙ ዓመት የሚሸከሙት ዕዳ ሆነ። ዛሬ የስፒርስ ሐውልት በከተማይቱ ቆሟል።

አሁን ወደቡን መመልከት ይገባል። የወደቡ አፍ ጠባብ ነው፤ በዚያ ዘመን ውኃው ጥልቅ አልነበረም፥ ባሕሩ በጐደለም ጊዜ ታንኳ ሊገባበት አይችልም ነበር። ከአፉም ፊት ለፊት ሃርካር የሚባሉ ቋጥኞች ከባሕሩ ውስጥ ወጥተው ይታያሉ። ከተማይቱ ትልቅና ጥልቅ ወደብ ለማሠራት ብዙ ጊዜ አስባ ነበር፤ የአሥራቱ ክርክርና ዕዳ ይህን ሥራ እንዳዘገየው ታሪኳን የመረመሩ ሰዎች ይናገራሉ።

ኦክቶበር 14 ቀን 1881፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 1874 ዓ.ም.፥ ዕለቱ ዓርብ ነበረ። በዚያ ሳምንት ባሕሩ ክፉ ስለ ነበረ ታንኳዎቹ ቀኖቹን ከወደብ ውለው ነበር። ዓሣ የሚያዘው በረጅም ገመድ ላይ በተደረደረ ብዙ መንጠቆ ነው፤ በየመንጠቆው የባሕር ዛጎል ሥጋ የሚሰኩት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ማጥመጃው በቈየ ቍጥር ይበላሻል፤ ድካማቸው ከንቱ ይሆናል፤ በቤትም የሚበላ ያልቃል። በዓርብ ጧት ግን ሰማዩ ጠራ፥ ነፋሱም ጸጥ አለ። ባሮሜትር የሚባለው የአየር ክብደት መለኪያ እጅግ ወርዶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ይህን አይተው ፈሩ። ነገር ግን አንዱ ታንኳ ከወጣ ሌላው መቅረትን እንደ ነውር ይቈጥረው ነበርና ሁሉም ተከታትለው ወጡ።

ከቀትር በኋላ ወዲያው ሰማዩ ጠቈረ። ወዲያውም ዓውሎ ነፋስ ተነሣ፤ ታንኳዎቹም ሸራቸው እየተቀደደ ምሰሶአቸውም እየተሰበረ ወደ ወደባቸው ለመድረስ ሮጡ። ከከተማ የቀሩት ሽማግሌዎች፥ ሴቶችና ሕፃናት ወደ ባሕር ዳር ወረዱ። በወደቡ አፍ ላይ ታንኳዎች በሃርካር ቋጥኝ እየተላተሙ ሲሰበሩ፥ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው በስም እየጠሯቸው ሲሰጥሙ በዓይናቸው አዩ። ርቀቱ ድምፅ የሚሰማበት ነበረ፤ የሚረዳ እጅ ግን አልደረሰም።

በዚያ ቀን በዚያ ዳርቻ የሞቱት ዓሣ አጥማጆች 189 ናቸው። ከእነርሱ 129ኙ የአይማውዝ ሰዎች፥ 24ቱ በአጠገቧ ያለችው የበርንማውዝ ሰዎች ነበሩ፤ የቀሩትም ከሌሎች ትናንሽ ወደቦች ናቸው። ዛሬም አገሬው ቀኑን ጥቁር ዓርብ ብሎ ይጠራዋል።

ኤሪየል ጋዜል የሚባል አንድ ታንኳ ግን ወደ ወደብ አልሮጠም። አለቃው ከየብስ ርቆ ማዕበሉን በሰፊው ባሕር ላይ መታገል ይሻላል ብሎ ወሰነ። ሁለት ሌሊት ከባሕር ጋራ ከታገለ በኋላ፥ ሁሉም እንደ ሞቱ ቈጥረው ሲያለቅሱላቸው፥ በእሑድ ሰዎቹን ሁሉ ይዞ ገባ። እንግዲህ ያን ቀን ከማዕበሉ ይልቅ የሚያስፈራው የራስ ወደብ በር ሆኖ ነበር።

ማዕበሉን አሥራት አላመጣውም፤ ባሮሜትሩም ተናግሮ ነበር። ጥልቅ ወደብ ቢሠራም ኖሮ ከሰጠሙት የሚድኑት ምን ያህል እንደ ነበሩ ሊቈጥር የሚችል የለም። ነገር ግን የዚያች ደብር ሰዎች በዚያ ጥቅምት ሬሳ ከአሸዋ ላይ ሲለቅሙ ለቤተ ክርስቲያን የከፈሉትን ገንዘብና ያልተሠራውን ወደብ አብረው አላሰቡም ማለት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ከመላው አገር እርዳታ ተሰበሰበ፤ ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆነ፤ ለመበለቶችና ለአባት አልባ ልጆችም በየሳምንቱ ይከፋፈል ጀመር። ወደቡም ቀስ በቀስ ተሻሻለ፤ ይልቁንም በ1960ዎቹ በብዙ ሰፋ። ዛሬ ሸርጣንና ልዩ ልዩ ዓሣ የሚያመጡ መርከቦች ይገቡበታል፤ በባሕሩ ውስጥ የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚጠብቁ ሠራተኞችም ከዚያ ይነሣሉ። በየዓመቱ በሐምሌ ወር ከከተማይቱ ልጃገረዶች አንዲቱ የሄሪንግ ዓሣ ንግሥት ተብላ ትሾማለች፤ በዓሉ በ1939 የተጀመረ ነው። መርከቦችም በሰንደቅ ዓላማ አጊጠው ከሴንት አብስ እስከ አይማውዝ ያጅቧታል።

በገበያው አደባባይ የነበረው አሮጌው ቤተ ክርስቲያን በ1981፥ ማዕበሉ መቶ ዓመት በሞላው ጊዜ፥ ቤተ መዘክር ሆነ። ለዚያ መቶ ዓመት ሃያ አራት የከተማይቱ ሴቶች ርዝመቱ አራት ሜትር ተኩል የሚያህል የጥልፍ ሥራ ሠርተዋል፤ የሞቱትን ሰዎችና የታንኳዎቻቸውን ነገር የሚያስታውስ ነው። ቀድሞ አሥራት ይጠየቅባት የነበረች ደብር ሕንፃ የእነዚያ ዓሣ አጥማጆች መታሰቢያ ማደሪያ ሆነች። በአሮጌውም መቃብር የተሰበረ የታንኳ ምሰሶ የተቀረጸበት የድንጋይ ሐውልት አለ።

ከባሕሩ ዳር ደግሞ በ2016፥ ጂል ዋትሰን የምትባል ቀራፂ የሠራችው የነሐስ ሐውልት ቆሟል። በእርሱ ላይ ያሉት የሞቱት ወንዶች አይደሉም፤ በዚያ ቀን በባሕር ዳር የቆሙት ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ናቸው፤ ሁሉም ወደ ባሕር ያያሉ። ምስሎቹ ትንንሾች ስለ ሆኑ ፊታቸውን መለየት የሚፈልግ እንግዳ ጐንበስ ይላል። ቀና ባለ ጊዜም እነርሱ የሚያዩትን ቋጥኝ ከፊት ለፊቱ ያየዋል።