ካውንስሉ ስለ ልጅሽ ሲደውል
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ልጄ በሩን ዘግቶ ስልኩ ላይ ያድራል፤ የሚናገረውም አስፈራኝ። ለትምህርት ቤቱ ብናገር ፖሊስ ይወስድብኛል?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ በርክታችኋል። እዚህ እንግሊዝ አገር አሠራሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ካውንስሎችን፣ ትምህርት ቤቶችን፣ የጤና ተቋማትንና ፖሊስን ሰዎች ወደ ሽብር እንዳይሳቡ የመከላከል ግዴታ ጥሎባቸዋል። «ፕሪቬንት» የሚባለው ይህ ነው። አስተማሪ ከሠጋ ይጠቁማል። ጥቆማውን መጀመሪያ የሚመረምረው ፖሊስ ነው፤ ይህን አልደብቃችሁም። እስከዚህ ድረስ ፈቃድሽን ላይጠይቁ ይችላሉ። አብዛኛው ጥቆማ ግን ከዚህ አያልፍም፤ ወይ ይዘጋል፣ ወይ ለሌላ አገልግሎት ይተላለፋል።

ሥጋቱ ከጸና ጉዳዩ «ቻነል» ለሚባለው ጉባኤ ይቀርባል። ሰብሳቢው የካውንስል ሰው ነው። እንደ ጉዳዩ ትምህርት ቤቱ፣ ሶሻል ሰርቪስ፣ የጤና ባለሙያ፣ የቤቶች ክፍልም ይገኛሉ። እዚህ ላይ ነው የእናንተ ቃል የሚከብደው። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ድጋፉ የሚጀመረው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲፈቅድ ነው፤ ትልቅ ከሆነ ራሱ ይፈቅዳል። እምቢ ማለት ይቻላል፣ ጀምሮ መተውም ይቻላል። ልጁ ላይ አደጋ አለ ብለው ካመኑ ግን ሶሻል ሰርቪስ በራሱ መንገድ ሊገባ እንደሚችል እወቁ።

ድጋፉ ቅጣት አይደለም። አንዱ ልጅ ስለ ሃይማኖቱ ወይም ስለ ፖለቲካው በደንብ የሚያውቅ አማካሪ ይመደብለታል፤ ሌላው የአእምሮ ጤና ሕክምና ያገኛል፤ ሌላው ሥራ ወይም ትምህርት ይፈለግለታል። መጠቆም የወንጀል ሪከርድ አይሆንም። ፖሊስ ግን መዝግቦ ለዓመታት ያቆየዋል።

እንከን የለውም አልልም። ሙስሊም ቤተሰቦች በትንሽ በትልቁ ልጆቻችን ይጠረጠራሉ ብለው ሲያማርሩ ኖረዋል፤ አልፈርድባቸውም። በሌላ በኩል በ2024 በሳውዝፖርት ሦስት ሕፃናትን የገደለው ወጣት ቀደም ሲል ሦስት ጊዜ ተጠቁሞ ሦስቱም ጊዜ ፋይሉ ተዘግቶ ነበር።

ታዲያ ከተደወለላችሁ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ እሱ የሚባለውን እሱው ሲተረጉም ግማሹን ይውጠዋል፤ ማን ይፈርድበታል? አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ማን እንደጠቆመ ባይነግሯችሁም እንኳ ምን ተባለ ብላችሁ ጠይቁ። ሳትረዱት ምንም ወረቀት አትፈርሙ።

ደብዳቤ የደረሳችሁ ካላችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ ቡናው ጋ አለሁ፤ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።