ሰው የማይገኝለት ቋንቋ፦ የመመልመልና የማስተማር ኃላፊነት



ኮምፒዩተር ሥራውን የሚታዘዝባቸው ቋንቋዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጡትና በየሥራ ማስታወቂያው የሚጠየቁት ግን ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የቀሩት አዋቂያቸው በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከእነዚህ እምብዛም ካልተለመዱት ቋንቋዎች አንዱን ሲመርጥ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ሰው ከየት ይገኛል?» የሚል ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ከዚያ ጥያቄ በፊት ሌላ መቅደም የሚገባው ጥያቄ መኖሩን ማሳየት ነው፤ ይኸውም «የሚመጣውን ሰው ማን ያስተምረዋል?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት የኮቦልን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ኮቦል በ1959 ታስቦ በ1960 የወጣ፣ ለንግድና ለአስተዳደር ሥራ የተዘጋጀ ቋንቋ ነው። በዘመኑ እጅግ የተስፋፋ ስለ ነበር ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሒሳባቸውን በእርሱ አስጻፉ። ከጊዜ በኋላ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ተዉት፤ የተጻፈው ፕሮግራም ግን ሥራውን አልተወም። በኤፕሪል 2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በአሜሪካ እጅግ ብዙ ሰው ከሥራ ባፈናቀለ ጊዜ፣ የኒው ጀርሲው አገረ ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዱ በአደባባይ ጥሪ አቀረቡ። የሥራ አጦችን አበል የሚያስተናግደው ሥርዓት ዕድሜው አርባ ዓመት ያህል ነበር። በዚያው ወር አይ.ቢ.ኤም. ከሌሎች ጋር ተባብሮ ነፃ የኮቦል ትምህርት አወጣ። ትምህርቱ በራሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመጣው አበሉን የሚጠብቀው ሕዝብ በር ላይ ከቆመ በኋላ ነበር። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ኮቦል ከነበረው ዝና የወረደ ቋንቋ ሲሆን፣ ከመነሻውም ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ቋንቋ ዕድል ደግሞ በኤርላንግ ይታያል። ኤርላንግ በ1980ዎቹ አጋማሽ በስዊድን፣ በኤሪክሰን ኩባንያ የምርምር ክፍል፣ በጆ አርምስትሮንግ፣ በሮበርት ቪርዲንግና በማይክ ዊልያምስ እጅ የተወለደ ነው። የታሰበውም ለስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ንግግሮችን የሚያስተናግድ፣ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሌላው ሥራውን የማያቋርጥ ሥርዓት ለመሥራት ነው። የቋንቋው ፈጣሪዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊጠቀሙበት ከተዘጋጁት መሐንዲሶች ጋር አብረው ሠሩ፤ ተጠቃሚዎቹ ያልተመቻቸውን ሲናገሩ ቋንቋው ይታረም ነበር። ማስተማሩና መሥራቱ አንድ ነገር ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በ1998 ከኩባንያው ክፍሎች አንዱ የሆነው ኤሪክሰን ራዲዮ ሲስተምስ፣ ኤርላንግ ለአዲስ ምርት ሥራ እንዳይውል ከለከለ። ከምክንያቶቹ ዋነኛው፣ አንድ ኩባንያ የራሱን ቋንቋ ብቻውን ተሸክሞ ከመኖር ይልቅ ዓለም በጋራ የሚጠቀምበትን ቢይዝ ይሻለዋል የሚል ነበር። ይህ ምክንያት ተራ ፍርሃት ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ቋንቋውን ብቻውን የያዘ ኩባንያ መሣሪያውንም፣ መጽሐፉንም፣ መምህሩንም ብቻውን ማዘጋጀት ይኖርበታል። የሚያስደንቀው ግን፣ ኤ.ኤክስ.ዲ. 301 የተባለው የኩባንያው ማዞሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የኤርላንግ መስመሮችን ይዞ ለገበያ የቀረበው በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። በዲሴምበር 1998 ኩባንያው የቋንቋውን ምንጭ ለማንም በነፃ ክፍት አደረገ፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ከቋንቋው ሠሪዎች አብዛኞቹ ሥራ ለቀው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ኤሪክሰን ያልቀጠራቸውና ደመወዝ ያልከፈላቸው ሰዎች ቋንቋውን በገዛ ፈቃዳቸው ተማሩት። አርምስትሮንግ በ2007 ለጀማሪ የሚሆን መጽሐፍ አወጣ። ዋትስአፕ የመልእክት አገልግሎቱን በኤርላንግ ሠርቶ፣ በ2014 ፌስቡክ ሲገዛው 450 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎችን የሚያገለግለው በሠላሳ ያህል መሐንዲሶች ነበር። ብራዚላዊው ዦዜ ቫሊም ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ኤሊክሰር የተባለውን ቋንቋ በኤርላንግ መሠረት ላይ ገነባ፤ አጻጻፉ ከሩቢ ጋር ስለሚቀራረብ ሩቢን የለመደ ሰው ብዙ ሳይቸገር የሚገባበት በር ሆነ። እንግዲህ የተቆለፈ ቋንቋ ተማሪው የባለቤቱ ሠራተኛ ብቻ ሲሆን፣ የተከፈተ ቋንቋ ግን ባለቤቱ ያላሰባቸውን ተማሪዎች ያገኛል።

ስለ ምልመላ ሲነገር የፖል ግራሃም ሐሳብ መጠቀሱ ተገቢ ነው። እርሱ በ2004 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ እምብዛም ያልተለመደ ቋንቋ የሚመርጥ ኩባንያ የተሻሉ ፕሮግራመሮችን ያገኛል፤ ምክንያቱም ያንን ቋንቋ የሚማረው ለእንጀራ ሲል ሳይሆን ለሙያው ፍቅር ያለው ሰው ነው ብሎ ነበር። በምሳሌነት ያነሣው ቋንቋ ፓይተን ነው። ዛሬ ፓይተን በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ስለሆነ፣ እርሱን ማወቅ ብቻውን የሙያ ፍቅር ምልክት መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ቋንቋው ሰውን የሚያጣራ ወንፊት ሆኖ የሚያገለግለው ለጊዜው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በፍላጎታቸው የሚመጡት ጥቂቶች ስለሆኑ፣ አንድ ትልቅ ሥራ በእነርሱ ብቻ ለዓመታት ሊቆም አይችልም።

በኒው ዮርክ የሚገኘው ጄን ስትሪት የተባለው የፋይናንስ ድርጅት የተሻለውን መንገድ ያሳያል። ድርጅቱ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፕሮግራሞቹን በኦካምል ይጽፋል። ነገር ግን ለመቅጠር ኦካምልን ማወቅ ግዴታ አላደረገም፤ በጥሩ ሁኔታ ማሰብና ፕሮግራም መጻፍ የሚችለውን ሰው ቀጥሮ ቋንቋውን ራሱ ያስተምራል። ከድርጅቱ መሐንዲሶች አንዱ የሆነው ያሮን ሚንስኪ ከሁለት ሌሎች ጸሐፊዎች ጋር በ2013 የኦካምል መማሪያ መጽሐፍ አሳትሟል።

«ሰው ያልለመደውን ቋንቋ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው» ለሚለው መከራከሪያ የጆን ማኮርሚክ ተሞክሮ መልስ ይሰጣል። በፕላትስበርግ በሚገኘው የኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ትንሽ የሞዴል ባቡር በኮምፒዩተር እንዲቆጣጠሩ ያሠራቸው ነበር። በሲ ቋንቋ ሲሠሩ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቡድን ሥራውን አልጨረሰም። እምብዛም ወደማይታወቀው አዳ ሲለወጥ ግን ግማሽ ያህሉ ቡድኖች በመጀመሪያው ጊዜ ፈጸሙት። ይህ የአንድ ኮርስ ተሞክሮ ቢሆንም፣ ቋንቋው ለሥራው የተስማማ ከሆነ ለመማር የጠፋው ጊዜ በሥራው ላይ ሊካካስ እንደሚችል ያስረዳል።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጨምሮ ባንኮች ከስዊዘርላንዱ ቴሜኖስ ኩባንያ የወሰዱት ቲ24 የተባለው ሥርዓት፣ ለረጅም ዓመታት ሲጻፍ የኖረው ከቤዚክ በተወለደ ልዩ ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ በመደበኛው የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት የሚገኝ አይደለም። ተመራቂው ጃቫን ወይም ፓይተንን ይዞ ይመጣል፤ የቀረውን ከቀደመው ባልደረባ ጎን ተቀምጦ ካልተማረ ሌላ መንገድ የለውም። ያ ባልደረባ ያወቀውን ሳይጽፍና ሳያስተምር ቢለቅ ዕውቀቱም አብሮት ይወጣል።

እዚህ ላይ የሠራተኛው ጥቅም ሊዘነጋ አይገባም። ወጣቱ መሐንዲስ «ይህን ተምሬ ሌላ ቦታ ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። ዕድሜውን በአንድ ጠባብ ቋንቋ ላይ እንዲያውል የሚጠየቅ ሰው ዋስትና ሊሰጠው ይገባል፤ ዋስትናውም ከቋንቋው ጋር በየትኛውም ሥርዓት የሚያገለግለውን መሠረታዊ ዕውቀት ማግኘት፣ የተማረው በምስክር ወረቀት መታወቁና በደመወዙ ላይ መታየቱ ነው። ይህ ሲጎድል ጎበዙ ቀድሞ ይሄዳል።

እንግዲህ ያልተለመደ ቋንቋ የሚመርጥ መሥሪያ ቤት አራት ነገሮችን አስቀድሞ ሊወስን ይገባዋል። አንደኛ፣ በግዢው ውል ውስጥ የማስተማሪያው ጊዜና ወጪ ተለይቶ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በሥራ ማስታወቂያው የቋንቋው ልምድ ሳይሆን የመማር ችሎታ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ነባሩ ባለሙያ አዲሱን ማስተማሩ እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን እንደ ዋና ሥራው ይቆጠርለት። አራተኛ፣ ማስተማሪያው ለሁሉም ክፍት ሆኖ በአማርኛም ጭምር ይዘጋጅ። እነዚህን ለመፈጸም ዐቅም የሌለው መሥሪያ ቤት ቋንቋው የቱንም ያህል ቢያምር ባይመርጠው ይሻለዋል፤ የሚያስተምር ከሌለ ዛሬ የተሠራውን ነገ የሚጠግነው አይኖርምና።