የደንጊ ትኩሳትና የሆድ ሕመም
ለከተማ ነዋሪዎችና ለሹማምንት የተነገረ



በጅቡቲ ከተማ የሚገኘው ሜኔሊክ አደባባይ ዛሬ በነፃነቱ ቀን በ27 ጁን 1977 ስም የተሰየመ ቢሆንም፥ በብዙ ሰው አፍ የቀድሞ ስሙን እንደያዘ ይኖራል። በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. በዚህች ከተማ የደንጊ ትኩሳት ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ አስተኝቶ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ በንግድና በምድር ባቡር ከጅቡቲ ጋራ በተያያዘችው በድሬዳዋ ታየ፤ በኢትዮጵያ በምርመራ የተረጋገጠው የመጀመሪያው ወረርሽኝ ይኸው ነው።

ደንጊ በትኩሳት፥ በራስ ምታትና በቁርጥማት ይታወቃል። ሆድንም እንደሚጎዳ ግን ብዙ ሰው አያስተውልም። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፥ ያስታውካል፥ ጉበትን ያሳብጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የሐሞት ከረጢትንና ቆሽትን ያስቆጣል። ሕመሙ ሲበረታ የትርፍ አንጀት በሽታ መስሎ ሐኪምን እንኳ ሊያሳስት ይችላል።

ከሁሉ የሚያሠጋው ትኩሳቱ የሚበርድበት ጊዜ ነው። በአደባባዩ ዙሪያ የሚነግድ ሰው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ገላው ሲቀዘቅዝ «ዳንሁ» ብሎ ሱቁን ይከፍት ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ሰዓት የደሙ ውሃ ከሥሮቹ ወጥቶ በሆዱና በደረቱ ሊጠራቀም ይችላል። ሆዱን አጥብቆ ከቆረጠው፥ ትውከቱ አልቆም ካለ፥ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፥ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ሰውነቱ ከፈዘዘ፥ ሳያድር ሐኪም ቤት መግባት አለበት።

ሕመሙን ለማስታገስ ሲባል አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን መዋጥ አይገባም፤ ጨጓራን ያቆስላሉ፥ የሚፈስ ደምም ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋሉ። የሚፈቀደው ፓራሲታሞል ነው፤ እርሱም ሲበዛ ጉበትን ስለሚጎዳ ከታዘዘው መጠን ማለፍ የለበትም። ለበሽታው የተለየ ማርከሻ ገና ስላልተገኘ፥ ዋናው እርዳታ በሐኪም ክትትል ፈሳሽ መስጠት ነው፤ በቤትም ውሃና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ይጠቅማል።

በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ትናከሳለች፤ እንቁላሏንም በጋን፥ በበርሜልና በአሮጌ ጎማ በተጠራቀመ ውሃ ዳር ትጥላለች። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ስለሚቆይ፥ ዕቃውን በየሳምንቱ ደፍቶ ውስጡን መፈግፈግ፥ ከዚያም መክደን ያስፈልጋል። ነዋሪው ጋኑን ቢከድን፥ ሹሙም የተጣለውን ጎማ ከየመንገዱ ቢያስነሣ፥ የብዙ ቤት ሐዘን አስቀድሞ ይቀራል።