የማይታየው ኬላ፦ ጎግል ሕጉን በለወጠ ቁጥር እኛ የት እንገኛለን?

(ከዚህ በታች ያለው፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ የይፋግና የአካባቢዋ ተወላጆች በተገናኙበት ዕለት የተሰማ ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች በጥቂቱ አጥሯል።)

ወገኖቼ፣

ስለ ኢንተርኔት ተናገር ስትሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የይፋግ ገበያ ነው። አትሳቁ፤ ነገሩ ይገናኛል! አያቶቻችን ሲያወሩ እንደሰማነው፣ ይፋግ ሲራራ ነጋዴው የሚያርፍባት፣ አሞሌው የሚራገፍባት፣ የኬላው ሹም ደጅ የሚጠናባት አገር ነበረች። ይህ የሽማግሌ ወሬ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በዚያ ያለፉ የውጭ አገር ተጓዦች ስለ ገበያዋ ጽፈዋል። ዛሬስ? ዛሬ መኪናው የሚቆመው ወረታ ነው። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኘው እዚያ ነዋ! ለመሆኑ የይፋግ ሰው ምን አጠፋ? እህሉን አላጎደለ፣ ሚዛኑን አላዛባ። መንገዱ ተለወጠ፣ ገበያውም ተከተለው። በቃ!

እንግዲህ ዛሬ ድረ ገጽ ያለው ሰው ሁሉ፣ ጋዜጣም ይሁን ሆቴል፣ ሐኪምም ይሁን ነጋዴ፣ እንደ ይፋግ ነው። ሰው ወደ እሱ የሚመጣበትን መንገድ የሚዘረጋው ሌላ ነው። የመንገዱ ባለቤት ደግሞ መንገዱን ሲለውጥ አያማክረውም። ያ የመንገድ ባለቤት በአብዛኛው ዓለም ጎግል ይባላል።

ነገሩን ላቅልለው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ ወዲህ የመጣውን የጋዜጣ ዘመን የምታስታውሱ አላችሁ። አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አዟሪው ጋዜጦቹን አስፋልት ላይ ሲዘረጋ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከሥር ይሆናል? ከላይ የዋለው ይሸጣል፤ ከሥር የገባው ይመለሳል። ጎግል የዓለም አዟሪ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? የእኛን አዟሪ “ኧረ የኔንም ወጣ አድርጋት!” ብለን እንለምነዋለን። ይኼኛው ግን ማሽን ነው። ድረ ገጾችን እየዞረ ያነባል፣ ይመዘግባል፣ ከዚያም አንድ ሰው ጥያቄ ሲጽፍ የትኛው ገጽ እንደሚቀድም በቀመር ይወስናል። አልጎሪዝም የሚሉት ይህንን ቀመር ነው።

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠርቱ ይዘውት የመጡት ሐሳብ በእኛ አገር የሽምግልና ወግ ሊገለጽ የሚችል ነው። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲሰጥ እንደ ምስክር ይቆጠራል። ምስክር የበዛለት ከፍ ይላል። የምስክሩም ክብር ይመዘናል። የሰፈር ወሬኛ መቶ ጊዜ ከሚመሰክርልህ አንድ የታፈረ ሽማግሌ አንዴ ቢመሰክርልህ ይበልጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ምስክር ዋጋ ባለው ቦታ ሁሉ የሐሰት ምስክር ይመጣል!

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ፎገራ ሩዝ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ከብት ገበያ የምትጽፍ ትንሽ ድረ ገጽ ነበረችኝ። አንባቢዋ ጥቂት ነበር፤ ግን የራሷ ነበር። አንድ ቀን አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ መጣና “በወር ውስጥ አንደኛ አደርግልሃለሁ” አለኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ከፈልኩ። ለካ የሸጠልኝ የሐሰት ምስክር ኖሯል! ስሙን ከማላውቀው አገር፣ ስለ ቁማርና ስለ ጫማ ከሚያወሩ ገጾች ወደ እኔ ሩዝ የተጠቆመ የሊንክ መዓት! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ለጥቂት ሳምንታት ወጣሁ። ከዚያ ቀመሩ ተሻሻለ ተባለ፤ እኔም ወረድኩ። ወረድኩ ስላችሁ ሁለተኛና ሦስተኛ ገጽ ላይ እንዳይመስላችሁ፤ እኔው ራሴ ፈልጌ አጣሁኝ። ሰውዬውም ስልኩን አጠፋ።

ማንን ልክሰስ? ጥፋቱ የራሴ ነው። ደግሞ ሕጉ አዲስ አልነበረም። ጎግል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 “ፓንዳ” የሚባለውን ማሻሻያ ሲያወጣ፣ ለማስታወቂያ ሲባል ብቻ የተከመረ ውራጅ ጽሑፍ የሚያትሙትን ነበር የመታው። በአሜሪካ ከሚቀርቡ ጥያቄዎች 12 በመቶ ያህሉ ውጤታቸው እንደተነካ ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። በሚያዝያ 2012 “ፔንግዊን” መጣ፤ ይሄ እንደኔ ሊንክ የሚገዙትን ቀጣ። በ2015 በሞባይል ስልክ ላይ በደንብ የማይነበቡ ገጾች በሞባይል ፍለጋ ወደ ኋላ ተገፉ። በመጋቢት 2024 የተጀመረው ማሻሻያ ደግሞ 45 ቀን ፈጅቶ፣ በማሽን በገፍ የሚመረተውን ጽሑፍ እንዲያጸዳ የታሰበ ነበር። ዓላማው መልካም ነው እንበል። ግን ርብ ሲሞላ የሰነፉን ማሳ ብቻ መርጦ አይወስድም! በውጭ አገር በቅንነት የሚሠሩ ትንንሽ አሳታሚዎች ጭምር “አንባቢያችን በአንድ ሌሊት ጠፋ” እያሉ በአደባባይ ጮኸዋል።

“ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ሩዛችን በጎግል አይበቅል!” የሚለኝ አይጠፋም። ልንገራችሁ።

ሊቦ ከምከምና ፎገራ ውስጥ በ1997 ዓ.ም. የሆነውን ከመካከላችን የማያስታውስ የለም። ሰዉ ይተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል። ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልሽር አለ። ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው በሽታው ካላዛር መሆኑ የታወቀውና በአዲስ ዘመን ሕክምናው የተጀመረው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳትና የጣፊያ ማበጥ የሚያመጣ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ያኔ ያጣነው መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ የበሽታውን ስም አጥተን ነው የሞትነው!

አሁን አስቡት። ዛሬ አንዲት እናት ይፋግ ተቀምጣ፣ የልጇ ትኩሳት ሁለት ሳምንት አልፎት፣ በስልኳ በአማርኛ ብትጠይቅ ከላይ የሚመጣላት ምንድን ነው? ሐኪም የጻፈው ነው? ወይስ ቅጠል ሻጭ የጻፈው? ወይስ ማሽን ከእንግሊዝኛ አበላሽቶ የተረጎመው? ጎግል የሰውን ጤናና ገንዘብ በሚነኩ ጉዳዮች ላይ ሚዛኑን ከሌላው እንደሚያጠብቅ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ያወጣው ማሻሻያ በርካታ የጤና ገጾችን ከፍና ዝቅ አድርጎ ነበር። ነገር ግን በአማርኛ የሚመርጠው ጥሩ ገጽ ከሌለው ምን ያድርግ? ካሉት መጥፎዎች የተሻለውን መጥፎ አንደኛ ያደርገዋል። አንደኛ ወጣ ማለት እውነት ነው ማለት አይደለም። ይህችን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

የአማርኛው ችግር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ በየራሱ ፊደል ይጽፍ ስለነበር ማሽኑ ሊያነበው አይችልም። ከዚያም ወዲህ ስንቱ ጋዜጣችን በፎቶ መልክ ተጭኖ ቀረ! ፎቶ ደግሞ እንደ ጽሑፍ በቀላሉ አይነበብለትም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ጩኸታችን ሁሉ ለፈላጊ የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ አንዱ “ጸሐይ” ሌላው “ፀሀይ” ይላል፤ አንዱ “ይፋግ” ሌላው “ኢፋግ” ይላል። “ከወረታ”፣ “የወረታ”፣ “በወረታ” ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለማሽን ግን የተለያየ ቃል ሊሆን ይችላል። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. “በርት” የተባለው፣ ቃልን ብቻ ሳይሆን የዓረፍተ ነገርን ስሜት ለመረዳት የሚሞክረው አሠራር ከ70 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ሲስፋፋ አማርኛም ተካቷል። እሰየው ነው! ግን ማሽን የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው። እኛ ያለንን ሁሉ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እያፈሰስን፣ ነገ ልናገኘው የማንችል ወሬ አድርገነዋል።

ጎግልን ብቻ ኮንኜ ብወርድ ግን ውሸታም እሆናለሁ። ጎግል ከሥር ያስገባሃል፤ የእኛ መንግሥት ግን ከነጭራሹ ያጠፋሃል! ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱ የተቃዋሚና የነፃ ጋዜጠኛ ድረ ገጽ አገር ውስጥ እንዳይከፈት ታግዶ ኖረ። በ2010 ዓ.ም. ከ200 በላይ ገጾች ተከፈቱ ተብሎ እልል አልን። ብዙም ሳንቆይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትግራይ ጨለመ። በ2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ። በእነዚያ ወራት ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ ድረ ገጹን የሚያዘጋጅ ሰው ምን ይጻፍ? በምን ያድሰው? ገጹ ያረጃል፣ ሊንኩ ይበጠሳል፣ ሌላው ይቀድመዋል። አልጎሪዝሙ ደግሞ የዘጋህ መንግሥት ይሁን ስንፍናህ አያውቅም። ቅጣቱ እኩል ነው!

“ጎግልንስ ማን ይጠይቀዋል?” ትሉኝ ይሆናል። ጉልበት ያለው ይጠይቀዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 የራሱን የዕቃ ማወዳደሪያ አገልግሎት ከተፎካካሪዎቹ አስቀድሞ በማሳየቱ 2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። በኦገስት 2024 ደግሞ ዳኛ አሚት ሜታ የተባሉ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ፣ ጎግል በፍለጋ ገበያ ያለውን ብቸኛ የበላይነት ሕግ ጥሶ አስጠብቋል ሲሉ ወስነዋል። በዚያ ችሎት ግን “የአማርኛ አንባቢስ?” ብሎ የተነሣ የለም። እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልን?

ስለዚህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የሐሰት ምስክር አንግዛ፤ ከእኔ ተማሩ። ሁለተኛ፣ በጽሑፍ እንጻፍ፤ በፎቶ አይደለም። የቦታውን ስም፣ ቀኑን፣ የጸሐፊውን ማንነት ግልጽ አድርገን፣ በሞባይል እንዲነበብ አድርገን። ሦስተኛ፣ የሕክምና ባለሙያ የሆናችሁ የአገሬ ልጆች፣ እባካችሁ ስለ ካላዛርና ስለ ወባ በአማርኛ አንድ አንድ ገጽ ጻፉ። ያቺ እናት እየጠበቀች ነው። አራተኛ፣ በአንድ መንገድ ብቻ አንኑር። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጎግል በብዙ አገር ለጥያቄው መልሱን በሰው ሠራሽ አእምሮ ራሱ አዘጋጅቶ ከላይ ማስቀመጥ ጀምሯል። አንባቢው ወደ ገጻችን ሳይመጣ መልሱን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ አንባቢያችሁን በስሙና በስልኩ እወቁት፤ በኢሜይልም በወረቀትም ድረሱለት። ይህች በእጃችሁ የምትዞር ጋዜጣ እኮ የማንም ቀመር አያስፈልጋትም፤ ከአዟሪው በስተቀር!

የፎገራን ገበሬ ተመልከቱ። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ይዋጣል። ገበሬው ውሃውን ማስቆም አልቻለም፤ ግን ከመጣ አይቀር ብሎ ሩዝ ዘራበት። እኔም ያቺን ድረ ገጽ እንደገና ከፍቻታለሁ። የገዛሁትን ሊንክ ነቅዬ ጥዬ፣ አሁን በየሳምንቱ የወረታን ገበያ ዋጋ ብቻ በእጄ እጽፋለሁ። አንደኛ አልወጣሁም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የማላውቀው ሰው ከይፋግ ደውሎ “የሽንኩርቱ ዋጋ ተሳስተሃል፣ አርመው!” ብሎ ተቆጣኝ። አረምኩ። አንባቢ አለኝ ማለት ነው።