ሳይለወጡስ?

ዛሬ ስለ አስቂኝ ፊልም ላውራችሁ። ፀባየ ክፉ የሆነ ዋና ገጸ ባሕሪ መጨረሻ ላይ የግድ መለወጥ አለበት ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው «ግራውንድሆግ ዴይ» ቢል መሬይ የሚጫወተው ትዕቢተኛ አንዱን ቀን እየደጋገመ ኖሮ ደግ ሰው ይሆናል። ደስ ይላል። የ2011ዱ «ያንግ አደልት» ግን ይህን ነፍጎናል። ቻርሊዝ ቴሮን የምትጫወታት ሜቪስ፣ ትዳር የያዘውን የድሮ ፍቅረኛዋን ልትቀማ ወደ ትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች፤ ትዋረዳለች፤ ሳትለወጥ ትሄዳለች።

መጀመሪያ ሳየው ተናድጄ ነበር። ስደግመው ግን ብቻዋን ስትሆን ፀጉሯን እንደምትነጭ አስተዋልኩ። ፊልሙ አላረማትም፤ ሕመሟን ግን አሳየን።

አንድ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩኝ። ገና ሲገቡ ይሳደባሉ። እኔም በልቤ «መጀመሪያ ፀባያቸውን ያሳምሩ» እያልኩ በጥድፊያ እሸኛቸው ነበር። ካልሲያቸውን አስወልቄ እግራቸውን አላየሁም። ቁስሉን ያገኘው ሌላ ሐኪም ነው። እሳቸው እኮ ዛሬም ይሳደባሉ! እኔ ግን አሁን በመጡ ቁጥር ካልሲ አስወልቃለሁ።

ስለዚህ መልሴ አጭር ነው፦ መለወጥ የለበትም። እየሳቅንበትም ቢሆን ቁስሉን ካየንለት ይበቃል።