ሣቅና ጥያቄ

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)




ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥፋት ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት ማኅበራችን አንድ ባለ ሥልጣን በእንግድነት ጋብዞ ነበር። ስማቸውን አላነሣም፤ ጥፋቱ የእሳቸው ሳይሆን የኔ ነውና። በዚያ ምሽት ጠያቂ እንድሆን የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ሦስት ሌሊት አምሽቼ አምስት ጥያቄዎች ጻፍሁ። ስለ ምግብ ቤታችን፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ተመርቀው ሥራ ስላጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚጠይቁ ነበሩ። እንግዳው ግን ገና ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ ስለ ከረባቴ አንድ ቀልድ ጣል አደረጉ። አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። እኔም ሣቅሁ፤ በበኩሌም ቀልድ መለስሁ፤ እንዲህ ስንባባል ሰዓቱ አለቀና አጨብጭበን ሸኘናቸው። ወደ መኝታ ክፍሌ ስመለስ አንድ ጓደኛዬ ደረጃው ላይ አገኘኝና «ደስ የሚል ምሽት ነበር፤ ግን ምን ጠየቅሃቸው?» አለኝ። እጄን ኪሴ ብከት አምስቱ ጥያቄዎች ያሉባት ወረቀት እንደ ታጠፈች ነበረች። ከዚያ በኋላ ለመናገርማ ማን ብሎኝ! «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ያሳስበኝ ገባ። ይኸውም ሥራቸው ማሣቅ የሆነ ሰዎች ብዙ የሚያከራክር የፖለቲካ ሰው በፊታቸው ሲቀመጥ እንዴት አድርገው ይጠይቁታል? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከአሜሪካ የተሻለ መመልከቻ የለም፤ ነገሩ እዚያ ረጅም ታሪክ አለውና።

በአሜሪካ አገር ሰው ራቱን በልቶ፣ ዜናውን ሰምቶ ወደ መኝታው ሊሄድ ሲል፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ግድም፣ በቴሌቪዥን የሚቀርብ የቀልድ መሰናዶ አለ። አንድ ሰው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይወጣና ቆሞ በዕለቱ ወሬ ይቀልዳል። ቀጥሎ ከጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣል፤ ከጎኑም እንግዳ ይቀርብለታል። እኔ ይህን ሰው በአገራችን ቃል «አጫዋች» ብለው ደስ ይለኛል። የጥንቱ አጫዋች ከጌታው ፊት ቆሞ ያሥቅ ነበር፤ የዛሬው ግን ራሱ ተቀምጦ ጌቶቹን ወደርሱ ያስመጣል።

ጌቶቹም መምጣት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ጆን ኬኔዲ ለፕሬዚዳንትነት በተወዳደረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1960፣ በጃክ ፓር መሰናዶ ላይ ቀርቦ ነበር። ሪቻርድ ኒክሰን በ1962 በካሊፎርኒያ ምርጫ ተሸንፎ ፖለቲካው አከተመለት በተባለ ማግሥት፣ በ1963፣ በዚሁ በፓር መሰናዶ ቀርቦ ራሱ የደረሰውን ዜማ በፒያኖ ተጫወተ። በሴፕቴምበር 1968 ደግሞ «ላፍ ኢን» በተባለው የቀልድ መሰናዶ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ብሎ አንዲት የቀልድ ሐረግ ተናግሮ ሄደ። ተቀናቃኙ ሂዩበርት ሃምፍሪም ተጋብዞ ነበር፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። በዚያ ምርጫ ሁለቱ የተለያዩት ከመቶ አንድ እጅ በማይሞላ ድምፅ ነው። ኒክሰንን ያስመረጠው ያ ቀልድ ነው አልልም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ፖለቲከኞች ሁሉ ትምህርቱን ወሰዱ። ቢል ክሊንተን በጁን 1992 ጥቁር መነጽር አድርጎ በአርሴኒዮ ሆል መሰናዶ ሳክስፎን ነፋ። አርኖልድ ሽዋርዜኔገርም በኦገስት 2003 ለካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት እንደሚወዳደር ያስታወቀው በጄይ ሌኖ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

ለምን ይመጣሉ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጋዜጠኛ ፊት የተቀመጠ ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ጥያቄ ይጠብቀዋል። አጫዋች ፊት የተቀመጠ ሰው ግን አንድ ጊዜ አሥቆ ይገላገላል። በጋዜጣ የሚያውቀው ሕዝብ «ለካ እንደኛው ሰው ነው» ይለዋል። ጊዜው አጭር ነው፤ በመካከሉም የንግድ ማስታወቂያ ይገባል። ከመሰናዶው በፊትም አንድ ሠራተኛ እንግዳውን በምን በምን እንደሚጫወቱ አስቀድሞ ያነጋግረዋል። እንግዳው ተቀይሞ ከሄደ ሌላ ጊዜ አይመለስም፤ ባልንጀሮቹም አይመጡም። ስለዚህ አጫዋቹ ራሱ ቢፈልግ እንኳ ለመጠየቅ የማያመች ወንበር ነው የተሰጠው።

ሆኖም በዚሁ በማያመች ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አልሠሩም። እኔ ሦስት መንገድ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው የወዳጅ መንገድ ነው። በሴፕቴምበር 15 ቀን 2016፣ ምርጫው ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ ዶናልድ ትራምፕ በጂሚ ፋለን መሰናዶ ቀረበ። ፋለን ጠጉሩን ሊያመሰቃቅልለት ፈቃድ ጠየቀ፤ ትራምፕም ፈቀደለት፤ ሕዝቡም ሣቀ። ያ ሳምንት ግን ምን ሳምንት ነበር? ትራምፕ ከ2011 ጀምሮ ባራክ ኦባማ በአሜሪካ አልተወለደም የሚለውን ሐሰት ሲያናፍስ ኖሮ፣ በዚያው ሳምንት ጋዜጠኛ ሲጠይቀው መልስ ለመስጠት እምቢ ብሎ ነበር። በማግሥቱ፣ በሴፕቴምበር 16፣ ኦባማ በአሜሪካ እንደ ተወለደ በአደባባይ አመነ። እንግዲህ አስቡት፤ አገር ሁሉ የሚጠብቀው መልስ በከንፈሩ ጫፍ የነበረ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ሳለ አጫዋቹ የዳሰሰው ጠጉሩን ነው። ፋለን በኋላ፣ በ2018፣ እንደገና ቢሆን ኖሮ በሌላ መንገድ አደርገው ነበር ብሎ ተጸጸተ። ለጸጸቱም ከዚያው እንግዳ ያገኘው ዋጋ ፌዝ ነበር።

እኔ በፋለን አልፈርድም። ከረባቴና ጠጉሩ አንድ ናቸውና!

ሁለተኛው የፊት ለፊት ሙግት መንገድ ነው። በሴፕቴምበር 2008 ጆን ማኬይን በዴቪድ ሌተርማን መሰናዶ ሊቀርብ ተቀጥሮ ሳለ፣ የገንዘብ ቀውስ ስለ ደረሰ ወደ ዋሺንግተን መሮጥ አለብኝ ብሎ ቀረ። ሌተርማን መሰናዶውን በመቅረጽ ላይ እንዳለ ማኬይን እዚያው ኒውዮርክ፣ በዚያው በሲቢኤስ ድርጅት፣ ለሌላ ቃለ ምልልስ ፊቱን ሲቀባባ በውስጥ መስመር ታየ። ሌተርማንም ይህንኑ ምስል ለሕዝቡ አሳየው። በኦክቶበር ማኬይን ተመልሶ መጣና ጥፋቱን አመነ። ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማኬይን ተቀናቃኙን ኦባማን ከመጥፎ ሰው ጋር ይተዋወቃል ብሎ ይከስ ስለ ነበር፣ ሌተርማን እርሱ ራሱ በዋተርጌት ከተፈረደበት ከጎርደን ሊዲ ጋር ስላለው ትውውቅ ጠየቀው። በቀልድ ጀምሮ ሳይቀልድ ጠየቀ። ለተገላገለ እንግዳ ሁለተኛ ጥያቄ ማለት ይህ ነው።

ይህ መንገድ ግን አደጋ አለበት፤ ዕውቀት ይፈልጋልና። በጃንዋሪ 2010 ጆን ስቱዋርት ጆን ዩን በእንግድነት ተቀበለ። ዩ በ2002 በፍትሕ መሥሪያ ቤት ሆኖ እስረኞች በብርቱ ሥቃይ እንዲመረመሩ ሕጋዊ ሽፋን የሰጡትን ጽሑፎች ያዘጋጀ የሕግ ሰው ነው። ብዙ ሰው ስቱዋርት ያዋርደዋል ብሎ ጠበቀ። ዩ ግን ትሑት፣ ጨዋ፣ በሕጉም የሠለጠነ ሆኖ ተገኘ። እየመለሰ መስሎ እያመለጠ ሰዓቱ አለቀ። በማግሥቱ ስቱዋርት እንዳልተሳካለት ለተመልካቹ ነገረ። በሌሎች ብዙ ቀን ያሸነፈው ምላሱ በዚያ ቀን አልበቃውም፤ ሰውዬው የሚያውቀውን ነገር እርሱ በሰውዬው ልክ አላወቀምና። ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አይገኝም።

ሦስተኛው የባለቤት መንገድ ነው። ባለቤት ስል ቤቱን ከፍቶ እንግዳ የሚቀበለውን ማለቴ ነው። በሴፕቴምበር 2015 ቴድ ክሩዝ በስቲቨን ኮልቤር መሰናዶ ቀረበ። ክሩዝ ራሱን የሬጋን ተከታይ አድርጎ ያቀርብ ስለ ነበር፣ ኮልቤር ሬጋን ግብር ጨምሯል፣ ያለ ፈቃድ ለገቡ ስደተኞችም ምሕረት አድርጓል፤ በእነዚህስ ትከተለዋለህን? አለው። ክሩዝ በእነዚህ እንደማይከተለው ለመናገር ተገደደ። ኋላም እንግዳው ስለ ጋብቻ ሕግ ሲናገር ሕዝቡ ጮኸበት። ያን ጊዜ ኮልቤር ወደ ሕዝቡ ዞረና እንግዳዬ ነውና አትጩኹበት ብሎ ዝም አሰኘ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ጥያቄው የመጣው ከእንግዳው ከራሱ ሚዛን ነው፤ ስድብ የለበትም፤ ማምለጫም የለውም። አክብሮቱ ደግሞ ጥያቄውን አላለዘበውም፤ እንዲያውም አጠነከረው፤ ሕዝቡ ሲጮኽ ተበዳዩ እንግዳው ይሆን ነበርና።

በእኛም አገር እንግዳ እግሩ ይታጠባል፣ ከመሶቡ ይቀርባል። ነገር ግን ባለቤቱ «ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቁን ነውር ያደረገው የለም። አክብሮትና ጥያቄ ተጣልተው አያውቁም። ያጣላናቸው እኛ ነን።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አጫዋች ጋዜጠኛ አይደለም፤ የሌላውን ዕዳ ለምን ታሸክመዋለህ?» ይሉኛል። ስቱዋርት ራሱ በ2004 «ክሮስፋየር» በተባለው የክርክር መሰናዶ ላይ እንዲህ ብሎ ተከራክሯል። ከእኔ መሰናዶ አስቀድሞ የሚታየው የአሻንጉሊት ጨዋታ ነው፤ ከእኔ ምን ትጠብቃላችሁ? ማለቱ ነበር። ግን የአሜሪካ ሕግ ምን እንዳለ እንመልከት። በ1934 በወጣው የመገናኛ ሕግ መሠረት አንድ ጣቢያ ለአንድ የምርጫ ዕጩ አየሩን የሰጠ እንደ ሆነ ለተቀናቃኞቹም እኩል ዕድል መስጠት አለበት። በ1959 እውነተኛ የዜና ቃለ ምልልስ ከዚህ ግዴታ ወጣ። በ2006 ሽዋርዜኔገር እንደገና በሌኖ ወንበር ሲቀመጥ ተቀናቃኙ ቢከስ፣ የመገናኛው ኮሚሲዮን የሌኖ ቃለ ምልልስ እንደ ዜና ቃለ ምልልስ ይቆጠራል ብሎ ክሱን አልተቀበለም። ስለዚህ አጫዋቾቹ ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙት በጋዜጠኛ መብት ነው። በመብቱ የተጠቀመ ግዴታውን «እኔ ቀልደኛ ነኝ» ብሎ ሊሸሽ አይገባውም። ይኸው ኮሚሲዮን በጃንዋሪ 2026 ይህ ፈቃድ ለሁሉ መሰናዶ እንዲያው የሚገባ እንዳይመስላቸው ጣቢያዎቹን አስጠንቅቋል።

ሌሎች ደግሞ «መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል» ይላሉ። እውነት ነው። በጁላይ 2025 ኮልቤር የራሱ ድርጅት ባለቤቶች ከትራምፕ ጋር ለመታረቅ 16 ሚሊዮን ዶላር መክፈላቸውን በመሰናዶው ላይ ጉቦ ነው ብሎ ነቀፈ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ መሰናዶው በሜይ 2026 እንደሚቆም ተነገረ። ድርጅቱ ምክንያቱ የገንዘብ ብቻ ነው አለ፤ ብዙ ሰው ግን ተጠራጠረ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ የጂሚ ኪሜል መሰናዶ የኮሚሲዮኑ ሊቀ መንበር ከዛተ በኋላ ለጥቂት ቀን ታግዶ ነበር፤ ሕዝብ ስለ ጮኸ ተመለሰ። ይህ የሚያስረዳው ወንበሩ ከንቱ ወንበር አለመሆኑን ነው። ከንቱ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

ጓደኞቼ ሆይ፤ «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ልብ እያዘነ ጥርስ ይሥቃል። በዚያ ምሽት ከሣቁት መካከል ተመርቃ ያለ ሥራ የተቀመጠች እኅት ያለችው ተማሪ ነበረ፤ በኋላ አጫውቶኛል። ጥርሱ ሣቀ፤ ጥያቄው ግን በእኔ ኪስ ውስጥ ታጥፎ አደረ። ሣቅ እንደ አራት ነጥብ ነው፤ ከሣቁ በኋላ ነገሩ የተፈጸመ፣ ጥያቄውም የተመለሰ ይመስላል። የአጫዋች ጥበብ ከሣቁ በኋላ «እሺ፤ ታዲያስ?» ማለት ነው። ሰሙን አቅምሶ ወርቁን መጠየቅ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ እንግዳ ሲጋበዝ ጥያቄዎቹ አስቀድመው ከተማሪው ይሰብሰቡ፣ በማስታወቂያው ሰሌዳም ይለጠፉ፤ ጠያቂው ቢረሳ ሕዝቡ እንዲያስታውሰው። ሁለተኛ፤ ለጠየቀ ሁሉ ሁለተኛ ጥያቄ ይፈቀድለት። ሦስተኛ፤ በእንግዳ ላይ የሚጮኽ ካለ ሊቀ መንበሩ ዝም ያሰኝ፤ ጨዋነታችን የጥያቄያችን ጋሻ ነውና።

ያች ወረቀት አሁንም በኪሴ ናት። ይኸው አውጥቼ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክባለሁ። አምስቱም ጥያቄዎች እስከ ዛሬ መልስ አላገኙም። በሚመጣው ጊዜ በዚህ ወንበር የሚቀመጠው ጠያቂ ማንም ይሁን፣ ስለ ከረባቱ ቢቀለድበት ይሣቅ፤ ሣቅ ኃጢአት አይደለም። ሥቆ ሲያበቃ ግን ወረቀቱን ይዘርጋና ከመጀመሪያው ጥያቄ ይጀምር።