ስለ አሮጌ ቮልሶቻችን
በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የያዝነው ጉዳይ የቮልሶቻችን ነገር ነው። በብዙዎቻችን ግቢ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የቆየች፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈች ቮልስ አለች። ፋብሪካው የመጨረሻዋን በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ አገር፣ ፑዌብላ ላይ ሠርቶ አቁሟል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። እንግዲህ ያለችንን መያዝ ነው እንጂ ሌላ አትመጣም።

ድንጋዩ ሆዷን እየነካ ያስቸገራቸው ባለንብረቶች ቮልሷን ከኋላ ከፍ ያስደርጓታል። ይህ ነው ያሳሰበን። የብዙዎቹ ቮልሶች የኋላ ዘንግ የሚታጠፈው ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ኋላዋ ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ከላይ ይከፈታሉ። ኩርባ ላይ ገብቶ ሹፌሩ ደንግጦ ነዳጁን ድንገት ሲለቅ ወይም ፍሬን ሲይዝ፣ የውጪው ጎማ ሆዷ ሥር ይታጠፋል፤ ኋላዋ ተነሥቶ መኪናዋ ትዞራለች፣ ሲብስም ትገለበጣለች።

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲወረድ ይህ ቀልድ አይደለም። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ያሟልጫል። በዳሩ ልጆች አሉ፤ እንጨት የተሸከሙ እናቶች አሉ፤ እነሱ ሸክም ይዘው ዘወር ማለት አይችሉም እኮ።

ፋብሪካውም ነገሩን አውቆ እ.ኤ.አ. በ1967 ሞዴል ከኋላ አንድ ደጋፊ ዘንግ ጨምሮበታል። ያላችሁ አታስጥሉት። ከፍ ያስደረጋችሁም ማስመለስ ትችላላችሁ። ቮልስ ከኋላ ሞላ የላትም፤ የሚሸከማት የሚጠመዘዝ ብረት ነው፤ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጪው 44 ጥርስ አለው። ውስጡን በአንድ ጥርስ ወዲህ፣ ውጪውን በአንድ ጥርስ ወዲያ ሲያደርጉት በጣም በጥቂቱ ይስተካከላል። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ይለካ፤ በዓይን ግምት አይሆንም።

ቀጥሎ ንፋስ ነው፤ ብር አያስወጣም። ጎሚስታው አራቱንም 30 ሞልቶ ይሸኛችኋል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የፊቱ ወደ 17፣ የኋላው ወደ 26 ቢሆን መሪዋ ይረጋጋል። ጎማችሁ ራዲያል ከሆነ ትንሽ ይጨመራል፤ ዋናው የኋላው ከፊቱ በ8 ወይም በ9 መብለጡ ነው። ከፊት ራዲያል፣ ከኋላ የድሮውን ጎማ ማድረግ ግን በፍጹም አይገባም።

መሪ የሚንገዋለልባችሁ ፊቷን በክሪክ አንሡና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ቢንቀጠቀጥ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ያን ጊዜ ከቆመ ኩሺኔታው ነው፤ ካልቆመ ፒኖቹ ናቸው። ግራሶም የሚገባው ፊቷ ተነሥቶ ሳለ ነው፤ መሬት ላይ ቆማ ሳለ በደንብ አይዘልቅም። ጥጉን ተጭናችሁ ስትለቁት ደጋግማ ከዋለለች ሾኩ አልቋል።

አነዳዱን በተመለከተ፣ ከኩርባው በፊት ቀንሳችሁ በሁለተኛ ማርሽ ግቡ፤ ከገባችሁ በኋላ ነዳጁን በአንድ ጊዜ አትልቀቁ።

የፊታችን እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ እናያቸዋለን። ክሪክና የንፋስ መለኪያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ማኅበሩ ያለው መለኪያ አንድ ብቻ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ